ከጣቢያው በር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር

ሰኞ፣ ግንቦት 4

የመኪና አደጋ ደረሰ ሲባል ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው ምንድን ነው? «የት ጋ?» ነው። ማን ሞተ፣ ማን ተረፈ ከማለታችን በፊት «የት ጋ?» እንላለን። የእኛ ሰው በዚያ በኩል ያልፍ እንደሆነ ለማወቅ ነው መሰለኝ። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬ ይህችን አንዲት ጥያቄ መመለስ ነው። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስት ጊዜ።

ሥራ ጀመርኩ! የመንገድ ደህንነት ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ። አንድ እግሯ ያጥራል፤ ወረቀት አጣጥፌ ደገፍኳት። የስድስት ዓመት የአደጋ መዝገብ በስድስት ካርቶን ታጭቆ ጎኔ ተደርድሯል፤ ትራፊክ ፖሊሶች በእጃቸው የሞሉት ቅጽ ነው። እኔ እያንዳንዱን አደጋ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ባለው የመንገድ ካርታ ላይ፣ በደረሰበት ቦታ፣ አንድ ነጥብ አድርጌ አስቀምጣለሁ። ነጥብ የተከመረበት ቦታ ሰው የሚያልቅበት ነው። መንገዱ የሚስተካከለው እዚያ ነው።

ኃላፊው አጭር ሰው ናቸው፤ ንግግራቸውም እንደ ቁመታቸው። «ክረምቱ ሳይገባ ካርታው ይድረስልኝ። ዝናብ ከጀመረ ማንም መንገድ አይነካም። ሦስት ወር የሙከራ ጊዜ አለሽ፤ ከዚያ እንተያያለን» አሉኝ።

እማዬ የሥራውን ዓይነት ስነግራት «ሌላ ክፍል አልነበረም?» አለችኝ። አባዬ የጎረቤት ሬዲዮ ፈትቶ ዊንጮቹን በክዳን ውስጥ እየለቀመ ነበር፤ ቀና ሳይል «መልካም ነው» አለ።

ስለዚያ ጉዳይ እዚህ ደብተር ላይ አልጽፍም። ሥራውን ያገኘሁት በውጤቴ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሰነድ ቤቱን የሚይዙትን ሴትዮ ቢሮው ሁሉ «እትዬ መዝገብ» ነው የሚላቸው። የፖሊሶቹን እጅ ጽሑፍ የሚያነብ ከእሳቸው በቀር የለም። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው «ይኼ ጽሑፍ አይደለም፣ ዶሮ ቀለም ረግጣ ያለፈችበት ነው» እያሉ ያነቡልኛል፤ እኔ እተይባለሁ።

«ቦታው» በሚለው መስመር ላይ ዛሬ ያገኘናቸው፦ «ትልቁ ዛፍ ጋ።» ዛፉ ከተቆረጠ አራት ዓመቱ ነው። «ባለፈው የተጋጩበት እዚያው።» የቱ ባለፈው? «ላሟ የምትታሰርበት አለፍ ብሎ።» እትዬ መዝገብ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ላሟን ጠርተን እንጠይቃታ!» አሉኝ። ደግሞ «ቆብ አውልቅ ጋ» የሚል አለ። አንድ ጊዜ ቢሆን ስህተት ነው እል ነበር፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ነው። በየትኛውም ካርታ ላይ የለም። ያልታወቀ ወደሚለው ክፍል ወረወርኩት።

ደግነቱ የሚበዙት በቁጥር ናቸው፦ «ከጣቢያ 4 ኪ.ሜ.»፣ «ከጣቢያ 9 ኪ.ሜ.»። የትራፊክ ጣቢያው ራሱ በዋናው መውጫ መንገድ ላይ ነው። ካርታው ላይ አገኘሁት፤ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ከጣቢያው ተነስቶ፣ መንገዱን ተከትሎ፣ ለክቶ ነጥቡን እንዲያኖር ፕሮግራም ጻፍኩለት። ሰው አንድ ወር የሚፈጅበትን በአንድ ከሰዓት!

እትዬ መዝገብ አጨበጨቡልኝ። ቀጥለው «ብቻ የቸኮለ አፍሶ እንዳይለቅም» አሉ። ሁሉንም ነገር በተረት ነው የሚዘጉት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

በምሳ ሰዓት። በችኮላ።

«አንደኛውን ካርቶን ለምን ዘለልሽው?» አሉኝ እትዬ መዝገብ። ከቅርቡ ዓመት ጀምሬ ወደ ኋላ ነው የምሄደው፣ ቅደም ተከተል ነው አልኳቸው። አተኩረው አዩኝ። «እሺ፣ ቅደም ተከተል ይሁን» አሉ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ተገኘ!

አምስት ካርቶን ጨረስን፤ ካርታው ላይ አንድ ቦታ ቀልቶ ወጣ። ከጣቢያው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር፣ የጡብ ፋብሪካው አጠገብ። መንገዱ እዚያ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። ኃላፊው ከኋላዬ ቆመው ብዙ አዩ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው «እዚህ ነዋ!» አሉ። ጣታቸው ያረፈበት አሻራ አለ፤ አልጠረግኩትም።

«ምክንያቱን ጽፈሽ አምጪልኝ» ብለው ሄዱ። ጻፍኩ፦ «መንገዱ ቀጥታ በመሆኑ አሽከርካሪዎች ከመጠን በላይ በፍጥነት ይነዳሉ።» አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ደቂቃ። ቅጾቹም «ምክንያት» በሚለው ላይ ሁሉም ፍጥነት ነው የሚሉት። ገጠመ።

ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ኩርባ ላይ ሌላ ትንሽ ክምር አለ፤ አሥራ ሰባት ነጥብ፣ ሁሉም ያለፉት ሁለት ዓመታት። ለምን የቅርብ ብቻ እንደሆነ አላውቅም። በኋላ አየዋለሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ኃላፊው ካርታዬን ለከተማው ምክር ቤት አቀረቡት። ጸደቀ! የጡብ ፋብሪካው ጋ የፍጥነት መግቻ፣ የማስጠንቀቂያ መብራት፣ የብረት መከላከያ። ሠራተኞቹ ሰኔ 9 ሥራ ይጀምራሉ።

ደረጃው ላይ የሰማሁት (አላዩኝም፦ ከበላይ ሆኜ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር)፦
«ልጅቷ እሳት ናት።»
«ሕፃን ናት እኮ! መንገድ ታውቃለች?»
«ካርታ ታውቃለች።»
«ካርታና መንገድ አንድ ሆነ እንዴ?»
ሳቁ። እኔም በልቤ ሳቅኩባቸው። ቅናት ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 17

እማዬ ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች። «ልጄ የመንገዱን በሽታ አገኘችው» እያለች ነው፣ ሐኪም ያስመሰለችኝ። አባዬ ምን እንደተገኘ አልጠየቀም። በዚያ መንገድ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። አክስቴ ጋ ለመሄድ እንኳ በኋለኛው በኩል ዞሮ፣ ሁለት መኪና ቀይሮ ነው። መንጃ ፈቃዱን ከመለሱለት ቆየ፤ መሳቢያ ውስጥ ከድሮ ባትሪዎች ጋር ተቀምጧል።

ስለዚያ አልጽፍም ብዬ አልነበር?

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ያልታወቁትን ስፈልግ ዋልኩ። ላሟ የምትታሰርበትን አገኘን! እትዬ መዝገብ የባለቤቷን እህት ያውቃሉ። ላሟ ተሸጣለች፤ ካስማው ግን አለ። አንድ ነጥብ። ደስታዬ ለከት አጣ።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

አንደኛውን ካርቶን ከፈትን። ሌላ የቀረ የለም።

መቶ ስምንተኛው ቅጽ ላይ እትዬ መዝገብ ማንበብ ጀምረው አቆሙ። «ይኼን አንቺው አንብቢው» ብለው መነጽራቸውን ሊጠርጉ ወጡ።

የሹፌሩ ስም የአባዬ ነው። ሚኒባስ። ተሳፋሪ 11። የሞተ 1። ምክንያት፦ ከመጠን በላይ ፍጥነት። ቦታ፦ ከጣቢያ 9 ኪ.ሜ.።

አስገባሁት። ነጥቡ ጡብ ፋብሪካው አጠገብ አረፈ።

ቀጥታው ላይ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ሥራ በዝቶብኛል። አባዬ ትናንት ሬዲዮውን ሠርቶ ጨርሶ «ነይ ስሚው፣ ድምፁ እንዴት እንደጠራ» አለኝ፤ ደክሞኛል ብዬ ገባሁ። ዛሬ ጠዋትም ሻይ ቀድቶ ሲጠብቀኝ አውቶቡስ ያመልጠኛል ብዬ ወጣሁ። አላመለጠኝም። ሃያ ደቂቃ ፌርማታ ላይ ቆምኩ።

አባዬ አደጋው ሲደርስበት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። «ኩርባው ላይ» ነው ያለኝ። እጁን እንደ መሪ ይዞ፣ እንዲህ አዙሮ፣ አሳይቶኛል። ሰው በድንጋጤ ብዙ ነገር ሊቀላቀልበት ይችላል። ወይም ደግሞ ልጅ ስለነበርኩ...

መዝገብ ግን አይደነግጥም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

በወረቀት የታተመውን ካርታ ቤት አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ነበር። ለምን አመጣሁት? ቀለሙን ላስተካክል ብዬ ነው። አባዬ በጎን ሲያልፍ ቆመ። መነጽሩን አደረገ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለዚያ መንገድ አንድ ቃል ያልተነፈሰ ሰው ጣቱን ቀዩ ቦታ ላይ አድርጎ

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ።
«አደጋ የሚበዛበት ቦታ።»
«የጡብ ፋብሪካው ጋ?»
«አዎ።»
«ማን ይገለበጣል እዚህ? ልጄ፣ እዚህ እኮ ሹፌር የሚያፏጭበት ነው!»
«ምን ማለት ነው የሚያፏጭበት?»
«ኩርባው አልቋል፣ ፊት ለፊትሽ ወለል ብሏል፣ ልብሽ ተመልሷል። ታፏጫለሻ! እኔ ሃያ ዓመት እዚያ ጋ ስደርስ ነበር የማፏጨው።»
«እኔ እንጃ አባዬ። መዝገቡ ነው የሚለው።»
«መዝገቡ ተሳስቷል።»
«የሁሉም ሰው መዝገብ ተሳሳተ? ወይስ የአንተ ብቻ?»

አፌ ነው ያለው። እኔ አይደለሁም ብል ማን ያምነኛል።

መነጽሩን አወለቀ፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። ወጥቶ ጓሮ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እማዬ ማማሰያውን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ፤ ተመልሳ ገባች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 1

ቀኑን ሙሉ ከክፍሌ አልወጣሁም። ስለዚህ ብዙ እጽፋለሁ።

እኔ እዚያ ቦታ በእግሬ ቆሜ አላውቅም። ይህን ዛሬ ነው ያሰብኩት። ስለ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስት ቦታ ጻፍኩ፤ የረገጥኩት ቢሮዬን ብቻ ነው። «መንገዱ ቀጥታ በመሆኑ» ብዬ ስጽፍ መልሱ እጄ ላይ ስለነበረ ምክንያቱን ለመልሱ ሰፋሁለት። መንገዱ ጠማማ ቢሆን ኖሮ «ጠማማ በመሆኑ» እል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የተማሪ ፈተና ላይ ብጽፍ ዜሮ ነው።

ደግሞ እዚያ ቢያፏጭስ? የሚያፏጭ ሹፌር አይገለበጥም ያለው ማነው? ይህንንም አስቤያለሁ። እንዲህ እያሰብኩ ጓሮ ሲያስል ሰማሁት፤ ሳሉን እንኳ ቀነስ አድርጎ ነው የሚያስለው፣ እንዳይረብሸኝ።

ነገ ሄጄ አያለሁ። እውነቱ የፈለገውን ይሁን።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

አሞኛል ብዬ ከቢሮ ቀረሁ። በሚኒባስ ሄጄ ጡብ ፋብሪካው በር ላይ ወረድኩ። ቀጥታ፣ ሰፊ፣ ደረቅ። ጥላ ሥር የተቀመጡት ዘበኛ ስምንት ዓመት እዚያ በር ላይ ናቸው።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ብዙ አደጋ አይተዋል?»
«አይቻለሁ እንጂ!»
ልቤ ወደቀ።
«አንድ ብስክሌተኛ ውሻ ገጭቶ ወደቀ። ውሻው ደህና ነው። ልጁ ነው ያነከሰው።»
«ሌላስ?»
«ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? መንገዱን አታይውም? እኔ ራሴ ዓይኔን ጨፍኜ ብነዳው አልስተውም፤ ያውም መንዳት አልችልም!»

ሠላሳ አራት ነጥብ። በስምንት ዓመት አንድ ውሻ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ትራፊክ ጣቢያ ሄድኩ። አዲስ ሕንፃ ነው፣ ቀለሙ ገና ይሸታል። ተረኛዋ ሳጅን ወፍራም፣ ተጫዋች ሴት ናት፤ ከቅጾቹ ግማሹን የጻፈችው እሷ ናት። ዶሮዋ እሷ ነች ማለት ነው።

«ሳጅን፣ "ከጣቢያ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር" ስትሉ በምን ትለኩታላችሁ?»
«በሞተሩ ቆጣሪ ነዋ። ስንወጣ በሩ ላይ ዜሮ እናደርገዋለን፣ አደጋው ጋ ስንደርስ እናነባለን።»
«በየትኛው በር?»
«በጣቢያው በር! በመስኮት አልወጣ!»

ባልደረቦቿ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልቅ ተረጋግታ አየችኝ።

«ቆይ፣ ድሮ ነው አሁን?»
«ድሮ ምን ነበር?»
«ድሮማ ጣቢያው ድልድዩ ጋ ነበር፣ ከተማ ውስጥ። እዚህ ከመጣን እኮ ሁለት ዓመት ከምናምን ነው። በሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ውጭ ሄደ። አልነገሩሽም እንዴ እህቴ?»

ማንም አልነገረኝም። ማንንም አልጠየቅኩም።

አራቱን ዓመት ያህል ፖሊሶቹ የቆጠሩት ከአሮጌው በር ነው። እኔ ሁሉንም ከአዲሱ በር ቆጠርኩት። እያንዳንዱ የቀድሞ አደጋ ሁለት ኪሎ ሜትር ተገፍቷል። የድሮው ዘጠኝ፣ የዛሬው ሰባት ነው።

ሰባት ኩርባው ነው።

ጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ሳጅኗ ውሃ አመጣችልኝ። «ማን ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ። ማንም አልሞተብኝም አልኳት። እውነት ነው። የእኛ ሰው ተርፏል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ፕሮግራሙ ላይ የጨመርኩት ሁለት መስመር ነው፦ ቀኑ ጣቢያው ከመዛወሩ በፊት ከሆነ ከአሮጌው በር ቁጠር። ከዚያ አስነሳሁት። ነጥቦቹ አንድ ባንድ ከጡብ ፋብሪካው እየተነሱ፣ እንደ ጉንዳን መንገዱን ይዘው፣ ኩርባው ውስጥ ገቡ። እትዬ መዝገብ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው አዩ።

ሠላሳ አራት፣ እዚያው ከነበሩት አሥራ ሰባት ጋር። ሃምሳ አንድ። አንድ ላይ ሳያቸው ከዚህ በፊት ያላየሁትን ነገር ቆጠርኩ፦ በሠላሳ ስምንቱ ላይ የአየሩ ሁኔታ «ዝናብ» ይላል። ምክንያት ግን ሁሉም ላይ ፍጥነት።

መቶ ስምንተኛው ቅጽ ላይም «ዝናብ» ይላል። ግንቦት 25 ሳነበው አላየሁትም። ከላዩ ያለውን ቃል ብቻ ነው ያየሁት።

የአንዱን ቅጽ ነጥብ ከካርታው አንስቻለሁ። እትዬ መዝገብ የትኛውን እንደሆነ አልጠየቁም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

አልነገርኩም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።

ከሰዓት። አልነገርኩም። ከስብሰባ የወጡት ፊታቸው ጠቁሮ ነው።

የመብራት ምሰሶዎቹን የጫነው መኪና ዛሬ በመስኮቴ ሥር አለፈ። ወደ ጡብ ፋብሪካው። ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ከብዷል። ዝም ብል ማን ያውቃል? ቀጥታው ላይ መብራት ቢተከል ማንን ይጎዳል? እንዲህ ማሰብ ከጀመርኩ ወዴት ነው የምደርሰው? ገንዘቡ ሁሉ እዚያ ካለቀ ኩርባው የሚሠራው ከርሞ ነው። አንድ ክረምት ስንት ሰው ነው?

እትዬ መዝገብ ሲወጡ ጠረጴዛዬን አንኳኩ። «የልጅነት ስህተት በልጅነት ነው የሚነገር። ከቆየ ይሸብታል» አሉኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ነገርኳቸው።

ሁለቱን ካርታዎች ጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን አደረግኩ። ስለ ሁለቱ በር፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሁለቱ ኪሎ ሜትር፣ ስለ ዘበኛውና ስለ ውሻው ጭምር አወራሁ። ለምን ስለ ውሻው እንዳወራሁ አላውቅም። አንዱን ካርታ፣ ከዚያ ሌላውን አዩ። 

«በምክር ቤቱ ፊት ጃኬቴን አስወለቅሽኝ» አሉ በመጨረሻ።
«አዎ፣ ጌታዬ።»
«ሸሚዜንም ጭምር።»
«አዎ።»
«አዎ አትበይ!»

ስልኩን አነሱ። «ምሰሶዎቹን አትትከሉ... ምን? አውርዳችኋል? መልሳችሁ ጫኑ!... ዝናቡ መምጣቱን አውቃለሁ፣ እኔም መስኮት አለኝ!» ዘጉት። አሁን እኔን ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን በአዲሱ ካርታ ላይ አጎንብሰዋል።

«ስህተቱን ማን አገኘው?»
«አባቴ። ሹፌር ነበር። ይኼ ሹፌር የሚያፏጭበት ነው አለኝ።»
«ሠላሳ ስምንቱ በዝናብ ከሆነ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ውሃ ነው። ከዳገቱ የሆነ ቦታ ሰብሮ አስፋልቱ ላይ ይወጣል። ቅጹ በየት በኩል እንደሚወጣ ይላል?»
«አይልም። ኪሎ ሜትሩን ብቻ ነው። ኩርባው ግን አራት መቶ ሜትር ይረዝማል።»
«በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት መቶ ሜትር ቦይ አልቆፍርም። ሠላሳ ሜትር እቆፍራለሁ። የትኛውን ሠላሳ?» እርሳሳቸውን ጣሉ። «መንገዱን የሚያውቅ ሰው አምጪ። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት መኪናው ከዚህ ይወጣል።»

በሩ ጋ ስደርስ «ስለ ሙከራ ጊዜዬስ?» አልኩ። ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ!
«እንተያያለን ብዬሻለሁ። እያየሁሽ ነው።»

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

አባዬ ጓሮ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው ተዘጋጅቼ ሄጄ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ቁጥር ሆነ።

«ሃምሳ አንድ ነው» አልኩት።
«ምኑ?»
«ኩርባው ላይ የደረሰው። ጡብ ፋብሪካው ጋ አይደለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ በሩን። ሃምሳ አንድ ሹፌር አባዬ፣ ብዙዎቹ በዝናብ። አንተ ብቻ አይደለህም።»

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። በእጁ የያዘውን ሽቦ ደጋግሞ ጠቀለለ፣ ፈታ።

«ብቻዬን ባለመሆኔ ደስ ይበለኝ?» አለ። «ከሃምሳው ውስጥ እኮ ከእኔ በኋላ የመጣም አለበት።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለእኔ ሳይሆን ለሽቦው፣ እንዲህ አለ፦ «ከኋላዬ ነበር የተቀመጠችው። ኩርባው ከመድረሱ በፊት "ሹፌር፣ ቀስ" አለችኝ። ቀስ አድርጌ ነበር። ቀስ አድርጌ ነበር ልጄ። ፍርድ ቤቱም ጠይቆኛል፤ ውሃው ከዳገቱ ሲወርድ እንደ መስታወት ነው አልኩ። "ሌላው ሹፌር አለፈ አይደል?" አሉኝ። አልፎ ነበር። ሌላው ሹፌር ያልፋል ብዬ ዝም አልኩ።»

«ይቅርታ አባዬ። ለቅዳሜው።»
«ለየትኛው ቅዳሜ?» አለ። እያወቀ ነው።

ቀጥሎ ያለው ግን ብድግ አደረገኝ። «ድሮም ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ቆብ አውልቅን በዝናብ ያለፈ ቤቱ ሲገባ...»
«ምን አልክ?»
«ቆብ አውልቅ። ኩርባው ነዋ። ስንገባበት ቆብ ያለው ቆቡን ያወልቅ ነበር፣ እንደ ሰላምታ። የድሮ ሹፌሮች ያወጡለት ስም ነው።»

ያልታወቀ ወደሚለው ክፍል የወረወርኳቸው አሥራ ሁለት! ሮጬ ገብቼ ደመርኩ። ስልሳ ሦስት። አንድም የምርምር ዘዴ አላገኘውም፤ አንድ ሰው ጓሮ ተቀምጦ ሽቦ እየጠቀለለ ያውቀዋል። ስድስት ዓመት የጠየቀው ጠፍቶ።

ስለ ሰኞው ግን መጠየቅ አቃተኝ። ኃላፊውን የደፈርኩ እኔ።

እሑድ፣ ሰኔ 8

አባዬ፣

ይህን ገጽ ለአንተ ነው የምጽፈው። ደብተሩን ከዋናው በር ፊት ለፊት ከሬዲዮዎችህ አጠገብ አስቀምጬልሃለሁ። ከመጀመሪያው አንብበው ብዬ ነው። የግንቦት 27ን ገጽ ልቀደው ነበር፤ ሻዩን ቀድተህ የጠበቅከኝን ቀን። የግንቦት 30ንም። አልቀደድኩም። ስህተትን ለኃላፊው አሳይቼ ለአንተ ብደብቅ ምን ይባላል? ስለዚያ አልጽፍም እያልኩ ስለዚያ ብቻ ስጽፍ እንደከረምኩ አሁን ነው የገባኝ።

ካርታው ላይ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ አምስት ነጥብ አለ። ላሟ ሳትቀር ቦታዋን አግኝታለች። አንድ ብቻ ይቀራል። ኮምፒዩተሩ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ግን በግምት ነው፣ አራት መቶ ሜትር ውስጥ የሆነ ቦታ። ውሃው በየት በኩል ሰብሮ እንደሚወጣ፣ ጎማው የት ጋ እንደከዳህ፣ የቱን ሠላሳ ሜትር መቆፈር እንዳለባቸው በዚህ ከተማ ከሚያውቁት አንዱ አንተ ነህ። ሌሎቹን አላውቃቸውም። አንተን ግን አውቅሃለሁ፤ ይህን ለማለት አምስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ዛሬ ከሰዓት ጥቂት ጠብታ ጣለ። አይተሃል፤ ቀና ብለህ ሰማዩን ስታይ አይቼሃለሁ። ቆፋሪዎቹ ሁለት ሳምንት አላቸው፣ ቢበዛ።

ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት የቢሮው መኪና ከደጃፉ ይነሳል። የፊት ወንበር ላይ ቦታ ይዤልሃለሁ። አትነዳም፤ የሚነዳው ሌላ ነው፣ ወጣት ነው፣ ስለ ቆብ አውልቅ ሰምቶ አያውቅም። ኩርባው ጋ ስንደርስ «ቁም» ትለዋለህ፤ ወርደህ በእጅህ ታሳየናለህ። ካልቻልክም መኪናው ውስጥ ሆነህ ጠቁመን፤ እኔ እወርዳለሁ። እዚያም መድረስ ካቃተህ መንገዱን እዚህ ደብተር ላይ ሣልልኝ። እሱም ይበቃል።

ከጨረስን በኋላ እስከ ጡብ ፋብሪካው ድረስ እንቀጥል ይሆናል። ሥራ የለንም እዚያ። እንዲሁ ነው።

ትመጣለህ? እርሳሱን ደብተሩ ውስጥ ትቼዋለሁ። የቀረው ገጽ ባዶ ነው፤ ከዚህ በታች መልስልኝ።